ሐረጎን የተሻገረው ራዲዮ

እናቴን አስር ዓመት ሙሉ ልበ ደረቅ ናት እያልኩ ኖሬያለሁ። ፊት ለፊት የነገርኳት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ የቀረውን ጊዜ በሆዴ ነበር የማማት። የአባቷ መርዶ ሲነገራት አንዲት ዘለላ እንባ ያላፈሰሰች ሴት ናት ብዬ ስለማምን፣ ስታቅፈኝ እንኳ ሙሉ በሙሉ አልታቀፍላትም ነበር። እሷም ይህን ታውቅ ነበር። አውቃም ዝም ትል ነበር፤ ዝምታዋን ደግሞ ለጥፋቷ ማስረጃ አድርጌ ያዝኩት።

ያን ፍርድ የሰጠችው ዳኛ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ሦስተኛ ክፍል ናት፤ የፊት ጥርሶቿ ገና ተተክተው አላለቁም፤ ግን የማታውቀው ነገር የለም።

የምንኖረው ደሴ፣ ሆጤ፣ በእናቴ አባት ግቢ ነበር። አባባ ሱሩር ልብስ ሰፊ ናቸው። ከመንገዱ ዳር ባለችው ክፍላቸው ጀለቢያና የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋሉ፤ እኔ ከእግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ ብጥስጣሽ ጨርቅ እለቅማለሁ። እናቴ ሰብሪያ ኩዌት ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። አባቴ ከእሷ ጋር ከተፋታ በኋላ ሚሌ ወርዶ ሌላ ትዳር ይዟል፤ ስለ እሱ ብዙ የማወራው የለኝም። በግቢው ውስጥ የእናቴ ታላቅ ወንድም አጎቴ ዐቂልና ሚስቱ ፉርቃን አሉ። እነሱ ልጅ አልወለዱም ነበርና እኔ የሁሉም ልጅ ሆኜ አደግሁ፤ የቀበጥኩትም ለዚያ ነው።

ከስፌት መኪናው በላይ፣ መደርደሪያው ላይ፣ የአባባ ራዲዮ ትቀመጣለች። የከተማችን ኤፍ ኤም ላይ ከቆመች ወዲህ መቃኛዋን የነካው የለም። ጠዋት ይከፍቷታል፤ መግሪብ ሲደርስ ይዘጓታል። የሽንኩርት ዋጋ፣ ውሃ የሚቋረጥባቸው ሰፈሮች፣ የጠፋ መታወቂያ፣ መንዙማ፣ ዘፈን፣ ሁሉንም እኩል ጆሮ ሰጥተው ይሰማሉ። ጨረታ ሲነበብ እንኳ ዝም በይ ይሉኛል።

አንድ ቀን አጎቴ ዐቂል ከሥራ ሲመለስ ስልኩን ከፍ አድርጎ ገባ።

"አባባ፣ ሰብሪያ ከዛሬ ጀምሮ የእርስዎን ራዲዮ ኩዌት ሆና ትሰማልዎታለች።"

አባባ መኪናዋን አቆሙ። "ይችን?"

"አዎ፣ በኢንተርኔት። ስልኳ ላይ እንድትጭን አሳየኋት። አሁን እርስዎ የሚሰሙትን እሷም ኩሽና ሆና እየሰማች ነው።"

"አንተ ልጅ፣ በእድሜዬ አታላግጥ! ጨርቅ ልገዛ ኮምቦልቻ ስወርድ በሚኒባሱ ውስጥ ይኸው ጣቢያ ተከፍቶ፣ ሐረጎን ሳናጋምስ ጭጭ ይላል። ሐረጎን መውረድ ያቃተው ባሕር ሊሻገር?"

ሐረጎ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው። እዚያ ላይ ራዲዮ እንደሚንኮሻኮሽ የማያውቅ የደሴ ሰው የለም። አጎቴ ስለ ሳተላይትና ስለ ኬብል ማስረዳት ጀመረ፤ አባባ ግን ራዲዮዋን ከመደርደሪያው አውርደው ዙሪያዋን አገላብጠው አዩዋት። ከዚያ በጨርቅ ጠርገው መለሷት። "ማሻአላህ" ብቻ አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከራዲዮዋ ፊት ክፉ ነገር አይናገሩም፤ ሰብሪያ ትሰማናለች ይሉ ነበር። የቀለዱ መስሎኝ እስቃለሁ። ዛሬ ሳስበው የቀለዱ አይመስለኝም።

ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የሰላምታ ፕሮግራም አለ። አዘጋጇ ስመኝ ትባላለች፤ ድምጿ ሳቅ ያለበት ሴት ናት። ሰው እየደወለ ለዘመዱ ሰላምታ ያስተላልፋል። መስመሩ ስለሚጨናነቅ ፉርቃን ከሦስት ተኩል ጀምራ ስትደውል፣ ስትደውል፣ በመጨረሻ ሲገባላት ስልኩን ለእኔ ትወረውረዋለች።

"ሄሎ፣ ማን ልበል?"

"ዚክራ ነኝ! ከሆጤ!"

"ዚክራዬ! በመጀመሪያ ራዲዮሽን ቀንሺልኝ።"

አባባ እየሳቁ ራዲዮዋን ይቀንሷታል። እኔም አንድ ትንፋሽ ስቤ አወርደዋለሁ። "ኩዌት ላለችው እናቴ ሰብሪያ ሱሩር፣ አፊያ ነሽ ወይ፣ እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፣ አባባ ሰላም ብለውሻል፣ አጎቴ ዐቂል ሰላም ብሎሻል፣ ፉርቃን ሰላም ብላሻለች፣ መንዙማ ጋብዘናል፣ ጀባ!"

ድምጼ እናቴ ጋ የሚደርሰው እኔ ተናግሬ ከጨረስኩ አንድ ደቂቃ ያህል ዘግይቶ እንደሆነ ነግራናለች። እኔ ምክንያቱን አውቀው ነበር። ሐረጎን እየተጠማዘዘ ስለሚወርድ ነው።

ፕሮግራሙ ካለቀ በኋላ በኢሞ ትደውላለች። የመጀመሪያ ቃሏ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "አባቴን አገናኙኝ።" ሰላምታውን በሙሉ ያቀረብኩት እኔ፣ የሚፈለጉት አባባ። እቀና ነበር። ሁለቱ ካሜራ ላይ ተያይተው ብዙ አያወሩም፤ እሳቸው የሰፉትን ልብስ ከፍ አድርገው ያሳዩዋታል፣ እሷ ቁልፉ ጠሟል ትላቸዋለች፣ ይሳሳቃሉ።

አባባ የሞቱት ግንቦት ውስጥ፣ አንድ ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ነው። ሦስት ቀን ደረታቸውን አሟቸው ነበር፤ የከፋ አይመስልም ነበር። እኔን ፉርቃን ከእንቅልፌ አንስታ፣ ፊቴን ሳታሳጥበኝ፣ ጎረቤታችን ጋሽ አምባዬ ቤት ወሰደችኝ። ጋሽ አምባዬ የሰፈራችን ቅሬ ጸሐፊ ናቸው። ቅሬያችን እስላሙም ክርስቲያኑም ያለበት እድር ነው፤ ድንኳን ይጥላል፣ መቃብር ያስቆፍራል፣ ለቀስተኛ ያበላል።

በእኛ ደንብ ሬሳ አያድርም፤ ለቀትሩ የዙህር ሰላት መድረስ አለበት። ጋሽ አምባዬ ግቢያቸው ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያሉ፣ "ቢስቲማ ያለው ዘመድ ሳይሰማ ሱሩር ሊቀበር ነው? ወንድሞቹ የስልክ ሰዎች አይደሉም!" ይላሉ። በኋላ አንድ ወረቀት ላይ ጽፈው፣ ባጃጅ ጠርተው ወደ ራዲዮ ጣቢያው በረሩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እዚያው ቤታቸው ቁጭ ብዬ ዳቦ እየበላሁ የአባባን ስም በራዲዮ ሰማሁ። "የሆጤ ነዋሪ የነበሩት ልብስ ሰፊው ሱሩር..." ሦስት ጊዜ ተነበበ። ሙሉውን አልተረዳሁትም፤ ስማቸው በራዲዮ በመጠራቱ ኮርቼ ዳቦዬን እንደያዝኩ ለልጆች ልነግር ወጣሁ።

የቢስቲማ ሰዎች ለዙህር ደረሱ። ሁሉም ራዲዮውን አመሰገነ። ጋሽ አምባዬም ተመሰገኑ።

ከቀብር መልስ አጎቴ ዐቂል ቤተሰቡንና የቅርብ ጎረቤቶችን ሰብስቦ ቆመ። ዓይኑ አብጦ ነበር።

"ለሰብሪያ ማንም እንዳይነግር። ኮንትራቷ ሊያልቅ ሰባት ወር ቀርቷታል። ብትሰማ ወይ ጥላ ትወጣለች፣ ወይ እዚያው ታማ ትወድቃለች፤ ማን ይይዛታል? ደግሞ መርዶ በስልክ የሚነገረው የት አገር ነው! ስትመጣ በሰው መሃል፣ በደንቡ ይነገራታል። ወላሂ በሉ።"

ሁሉም ወላሂ አለ። ክርስቲያኖቹም በማርያም አሉ። ፉርቃን ትከሻዬን ይዛ፣ "አንቺስ? አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ የአንቺ አፍ ደግሞ ውሎ አያድርም" አለችኝ።

"ወላሂ" አልኩ። ከዚያ ማንም ያላሰበውን ጠየቅሁ። "ቅዳሜስ? ካልደወልን ታውቅብናለች።"

አጎቴ ብዙ ካሰበ በኋላ ቁጢጥ ብሎ ፊቴን በሁለት እጁ ያዘ። "እንደ ወትሮው ትደውያለሽ። አባባ ሰላም ብለውሻል ትያለሽ።"

"ውሸት አይሆንብኝም?"

"ለደግ ነው፣ የኔ እናት። አላህ ያውቀዋል።"

አሁን ተመልከቱ የእኛን ብልሃት። ኩዌት ያለ ሥራ አገናኝ ደላላ ሳይቀር ተነገረው፤ የቢስቲማ ዘመዶች ልጆቻቸውን አስጠነቀቁ፤ የኢሞው ካሜራ ተበላሽቷል ይባላል ተባለ። ቢስቲማ ድረስ ሰው የጠራው ያ ራዲዮ ግን የማንም ሐሳብ ውስጥ አልነበረም። ለእኛ ራዲዮው ኩዌት የሚደርሰው ቅዳሜ አራት ሰዓት፣ እኛ ስንናገር ነው። ማክሰኞ ጠዋት የሽንኩርት ዋጋ ለመስማት ኢንተርኔት የሚከፍት ሰው ይኖራል ብሎ ማን ያስባል? የአባቷ ልጅ መሆኗን ረሳነው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ደረሰ። "አባባ ሰላም ብለውሻል" ስል ስመኝ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ "እሺ፣ የኔ ቆንጆ" ብላ ቶሎ መንዙማውን ለቀቀችው። የራዲዮ ሰው እንዲያ ዝም አይልም። ማክሰኞ ያን ወረቀት ያነበበችው እሷ ትሁን ሌላ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ፉርቃን የእናቴ ስልክ ሲጠራ ሰበቧን አሰናድታ ነበር፤ "መስጊድ ሄደዋል" ልትል። እናቴ ግን አባቴን አገናኙኝ አላለችም። ሰላም አለችን። ድምጿ ጎርንኗል፤ ጉንፋን ይዞኛል አለች። ካሜራው ምን ሆነ ብላም አልጠየቀች።

"ዚክራዬ፣ ጠዋት ጠዋት ቁርአን ቤት ማን ያደርስሻል?"

"አባባ ናቸዋ!" አልኩ በኩራት።

"እሺ። የፉርቃንን እጅ ያዥ። ሌሊት ብትፈሪ ደግሞ እሷ ጋ ግቢ፣ እሺ የኔ አበባ?"

ምን ያስፈራኛል? እኔ የምተኛው ከአባባ አልጋ ሥር መሆኑን ረሳችው ማለት ነው ብዬ ታዘብኳት። ስልኩ ሲዘጋ ፉርቃን "አልሐምዱሊላህ፣ አልጠየቀችም" ብላ ደረቷን ያዘች። እኔ ግን ቅር አለኝ።

በሚቀጥለውም ቅዳሜ አልጠየቀችም። በሦስተኛውም። ቤተሰቡ አላህ አወጣን ይላል፤ እኔ ደግሞ ውስጤ ይቆስላል። አባባን ትታቸዋለች! ሰው አባቱን ሰባት ወር ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ድምጻቸውን አሰሙኝ ሳይል? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ የሚለውን ተረት ሰምቼው አላውቅም ነበር። ልብ ካላየ ደግሞ ዓይን አያይም፤ የእኔ ልብ ገና ጥርስ በመቀየር ላይ ነበር።

እሷ ችላ ባለች ቁጥር ሰላምታዬን አስረዝመው ጀመር። ልታስታውሳቸው ይገባል ብዬ ነው። "አባባ ዛሬ የሰርግ ጀለቢያ እየሰፉ ነው።" "አባባ ጨርቅ ሊገዙ ኮምቦልቻ ወርደው ነበር፤ ሰላም ገብተዋል።" "አባባ ትንሽ አስሏቸው ነበር፣ አሁን ተሽሏቸዋል።" ውሸቱ እየጣፈጠኝ ሄደ። ስለ እሳቸው ሳወራ ለዚያች ደቂቃ ለራሴም በሕይወት ያሉ ይመስለኛል፤ ስልኩን ስዘጋ ባዶውን የስፌት መኪና አይና አለቅሳለሁ። ፉርቃን ዓይኔን በቀሚሷ ጠርጋ "አብሽሪ፣ ጎበዝ፣ ከወንድ ይበልጥ ነው የቻልሽው" ትለኛለች።

እናቴ በታኅሣሥ መጣች። አውሮፕላኗ ያረፈው ኮምቦልቻ ነው። የደንቡ ነገር፣ ከመንገድ የመጣ ሰው እንደደረሰ መርዶ አይነገረውም፤ ይበላል፣ ያርፋል፣ ከዚያ ነው። ስለዚህ የዚያን ቀን ወደ ደሴ ሳንወጣ የፉርቃን እህት ቤት እዚያው ኮምቦልቻ እንድታድር ተደረገ። "ደክሞሻል" አሏት። ከአራት ዓመት በኋላ የመጣች ልጅ፣ አባቷ ግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ እያሉ፣ ለምን እዚህ አድራለሁ ብላ አልጠየቀችም። የቀረበላትን በላች። እኔን አቅፋ ጸጉሬን ስታሸት አመሸች። ሽታዋ እንግዳ ነበር፤ የሳሙናና የአውሮፕላን ሽታ።

ከሱብሂ ሰላት በኋላ ሽማግሌዎቹ ከደሴ ደረሱ። ጋሽ አምባዬም አሉ። ሴቶቹ ሊይዟት ከኋላ ተዘጋጅተዋል፤ ሰው መርዶ ሲሰማ ራሱን ይጥላልና። ሲገቡ እናቴ ነቅታ፣ ፍራሿን አጣጥፋ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ሻሿን አጥብቃ አስራለች።

አንድ ሼህ ስለ አላህ ውሳኔ፣ ስለ ዱንያ ከንቱነት ብዙ ተናገሩ። በመጨረሻ፣ "ልጄ ሰብሪያ፣ አባትሽ ወደ አኼራ ሄደዋል" አሉ።

እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አለች ቀስ ብላ። ቆየች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ሁላችንም እንጠብቃለን። ከዚያ ዓይኗን ገልጣ ዙሪያዋን፣ ሽማግሌዎቹንም ወንድሟንም አየችና፣ "አላህ ይዘንላቸው። እናንተም ደክማችኋል፤ አላህ ኸይራችሁን ይክፈላችሁ" አለች።

በቃ። ሊይዟት የተዘጋጁት ሴቶች እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋባቸው። አንዷ ከኋላዬ፣ "አረብ አገር ልብ ያደርቃል ሲሉ አላምንም ነበር" ስትል ሰማኋት። ፊቴ በኀፍረት ጋለ። ለአባባ ስንት አልቅሼላቸዋለሁ እኔ! ስንት ዋሽቼላቸዋለሁ!

ቀትር ላይ ደሴ ገባን። እናቴ የአባባ ክፍል ገብታ ቆየች፤ ስትወጣም ዓይኗ ደረቅ ነው። ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

"አባባን አትወጃቸውም ነበር!" ብዬ ጮህኩ፣ ለቀስተኛ በሞላበት ግቢ። "አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሻቸውም! ምንም አታለቅሺላቸውም!"

ፉርቃን አፌን በመዳፏ መታችኝ። እናቴ እጇን ያዘቻት።

"ተያት። ልጅቷ ለአባቴ አልቅሳለታለች" አለች።

ያን ያለችው ከድንጋይነቷ ነው ብዬ ነበር የወሰድኩት።

ባለፈው ሐሙስ ነው እንግዲህ ያ ሁሉ የተናደብኝ። አሁን ኮምቦልቻ አንድ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ፤ ሳምንቱን እዚያው አድሬ ቅዳሜ ደሴ እወጣለሁ። ሴትዮዋ የደም ግፊት መድኃኒት ልትገዛ ነው የመጣችው። ባልደረባዬ "ዚክራ!" ብሎ ሲጠራኝ ቀና ብላ ትኩር አለችብኝ።

"ዚክራ ከሆጤ?"

"አዎ፣ የት ያውቁኛል?"

"ወላሂ! የሰብሪያ ልጅ! ያቺ 'ጀባ!' የምትለዋ!" ባንኮኒውን ዞራ መጥታ አቀፈችኝ። ኢንሻራህ ትባላለች፤ የቢስቲማ ልጅ ናት፤ ኩዌት ከእናቴ ጋር አንድ ቤት ይሠሩ ነበር። "በየቅዳሜው ማዳሟ እንዳትሰማ አንዱን የጆሮ ማዳመጫ እሷ፣ አንዱን እኔ ሰክተን እንሰማሽ ነበር እኮ። አባትየው ከሞቱ በኋላማ ስታሳምሪው! እኔ ነበርኩ ሳቄም እንባዬም የሚመጣው።"

"ከሞቱ በኋላ?" አልኩ። "እናቴ መሞታቸውን አታውቅም ነበር።"

ኢንሻራህ ፊቷ ተለወጠ። ወንበር ሰጠኋት። እንድተዋት ብዙ ለመነችኝ፤ አልነገረችሽም እንዴ፣ እኔ ምን አቅበጠበጠኝ አለች። በኋላ ግን ነገረችኝ።

እናቴ ራዲዮውን ቅዳሜ ብቻ አልነበረም የምትሰማው። ከነጋ እስከ መሸ፣ አንዱን ማዳመጫ በሻሿ ሥር ሰክታ፣ የሽንኩርቱን ዋጋም፣ የጠፋውን መታወቂያም ትሰማለች። አባቴ አሁን ይህን እየሰማ ነው ትላታለች ለኢንሻራህ። ያን ማክሰኞ ቤቱ ውስጥ የማዳሟ ልጅ ቀለበት ሊታሰርላት ሽር ጉድ ነው። እናቴ ብርጭቆ እየወለወለች ሳለ ስማቸው ተጠራ። ሦስቴም ሰማችው። ብርጭቆውን አስቀመጠች፣ የበረኪና ጠርሙስ አነሳች፣ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቆለፈች። ስትወጣ ዓይኗ ደም መስሏል። ማዳሟ ስትጮህባት "በረኪናው ነው" አለች። ያ ቤት ሦስት መታጠቢያ ነበረው፤ ሦስት ቀን ሙሉ ሦስቱንም እየደጋገመች ስታጥብ ሰነበተች።

"ደውዪና ሰምቻለሁ በያቸው፣ እንዲህ ታፍነሽ ልትሞቺ ነው አልኳት" አለች ኢንሻራህ። "እስከ ቅዳሜ እነሱ ይንገሩኝ ብላ ጠበቀች። ቅዳሜ አንቺ መጣሽ። 'አባባ ሰላም ብለውሻል' አልሽ። እናትሽ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። 'ይችን ልጅ አስምለዋታል' አለችኝ። 'ሰምቻለሁ ብል ዋሽቼ ተያዝኩ ብላ ትደነግጣለች። ወንድሜም በኀፍረት ይሞታል። ለእኔ ብለው ነው፤ ይሁንላቸው' አለች። ከዚያ ወዲህ አንስታውም አታውቅ።"

እስከ ቅዳሜ አልጠበቅሁም። የመድኃኒት ቤቱን ባለቤት አስፈቅጄ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መግሪብ ተሰግዶ ሳይቆይ ሆጤ ደረስኩ። ዛሬ ከቤተሰቡ በግቢው የቀረነው እናቴና እኔ ነን፤ አጎቴና ፉርቃን ወደ አዳማ ከሄዱ ቆይተዋል። እናቴ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች።

"በሐሙስ ቀን? ምን ሆንሽ?"

"ኢንሻራህን አገኘኋት።"

እናቴ ትሪውን ከጭኗ ላይ አውርዳ አስቀመጠችው።

"ለምን አልነገርሽኝም? ያን ቀን፣ በሰው ፊት ስጮህብሽ?"

"ምን ልበልሽ? ሰባት ወር ሙሉ የዋሸሽኝን አውቀዋለሁ ልበልሽ? አንዲት ቅዳሜ አልተሳሳትሽም እኮ። በዘጠኝ ዓመትሽ ያን ሸክም ተሸክመሽ፣ አንድም ሳትጥይ አድርሰሻል። ከንቱ ነበር ልበልሽ?"

"ልበ ደረቅ አሉሽ። እኔም አልኩሽ።"

"ለማልቀስ ሞክሬ ነበር" አለች። "ሽማግሌዎቹ ደክመው መጥተዋል፣ ሴቶቹ ሊይዙኝ ቆመዋል፣ ላለቅስላቸው ፈልጌ ነበር። እምቢ አለኝ። እንባ በቀጠሮ አይመጣም፣ ልጄ። ባለቀስኩበት ጊዜ ደግሞ አይዞሽ ያለኝ የለም፤ ሰው አልነበረኝም። ሰው ሲመጣ እንባው አልነበረኝም።"

ይቅር በይኝ ማለት ትንሽ ሆነብኝ። ተመልሼ ወደ በሩ ሄድኩ። ጫማዬን አወለቅሁ፣ ሻሼን ለቀስተኛ እንደሚያደርገው ዝቅ አድርጌ አሰርኩ፣ እንደ እንግዳ ራሴን አጎንብሼ ገባሁ። ፊቷ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ።

"አባትሽን አላህ ይዘንላቸው። ሰብሩን ይስጥሽ" አልኳት።

እናቴ አሚን ልትል አፏን ከፈተች። ቃሉ አልወጣም። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ከሆዷ የመጣ፣ ከእናቴ ሰምቼው የማላውቅ ድምጽ ወጣ። "አባቴ!" አለች። "አባቴን! አባቴን!" ያዝኳት። እንዳትወድቅ ሁለት እጄን ዘርግቼ አጥብቄ ያዝኳት፤ እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

በሩ ተንኳኳ። ሥርጉት ናት፤ ከሁለት ዓመት በፊት ከደሴ ዙሪያ መጥታ የመንገዱን ዳር ክፍል የተከራየችን፣ ጎመንና ካሮት የምትሸጥ ሴት። ለቅሶውን ሰምታ ከነሽርጧ ሮጣ መጥታለች።

"በማርያም! ማን ሞተባችሁ?"

"የእናቴ አባት" አልኩ።

"እኔን! እኔን አፈር ይብላኝ!" አለች። መቼ ብላ አልጠየቀችም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጫማዋን በር ላይ ትታ፣ ከእናቴ አጠገብ ቁጭ ብላ ማልቀስ ጀመረች።